ከአያት የተወረሰ ባርኔጣ፦ ዘመኑን ከውስጡ ማንበብ

ከአባት ወይም ከአያት ሣጥን የወጣ ባርኔጣ እጅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ገበሩ ላይ በወርቅማ ቀለም የታተመው ዓመት ላይ ነው። «1857» የሚል ይገኛል፤ ወዲያው «ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ» የሚል ወሬ በዘመድ መካከል ይዞራል። 1857 ግን ጁሴፔ ቦርሳሊኖ በሰሜን ጣልያን፣ በአሌሳንድሪያ ከተማ ሥራውን የጀመረበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዘመን የተሠራ ቦርሳሊኖ ይህንኑ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። በስቴትሰን ላይ የሚታየው 1865ም ጆን ስቴትሰን በፊላደልፊያ የጀመረበት ነው፤ የእንግሊዞቹ ክሪስቲስ 1773ን፣ ሎክ ደግሞ 1676ን ይጠቅሳሉ። የሽልማት ሜዳልያም እንደዚሁ ነው። ቦርሳሊኖ በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ታላቁን ሽልማት ስላገኘ፣ ይህ ሽልማት የተጠቀሰበት ባርኔጣ ከ1900 በኋላ መሠራቱን ያረጋግጣል። ምን ያህል በኋላ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው። በባርኔጣው ላይ የሚገኘውን እያንዳንዱን ምልክት «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» ወይም «ከዚህ ዓመት በኋላ ሊሆን አይችልም» ብሎ በወረቀት ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። «በፊት ሊሆን አይችልም» ከሚሉት ምልክቶች ሁሉ ወሳኙ ቅርቡ ነው። አሥር ነገር ወደ 1930ዎቹ ቢያመለክትና ከፋብሪካው አብሮት የወጣ አንድ ምልክት በ1963 የተጀመረ ቢሆን፣ ባርኔጣው ከ1963 ወዲህ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የአምስት፣ የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ዓመት ክልል ነው፤ በእርግጠኝነት አንድ ዓመት ጠቅሶ የሚናገር ሰው ደረሰኝ ከሌለው በቀር አይታመን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የባርኔጣ መለያዎች የሚጽፉት በዚያ ስለሆነ።

ከመንካት በፊት

ከጠጉር በተሠሩ የድሮ ባርኔጣዎች ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። የጥንቸልና የቢቨር (በውኃ ዳር የሚኖር ጠጉራም እንስሳ) ጠጉር በቀላሉ እርስ በርሱ እንዲያያዝ በሜርኩሪ ናይትሬት ይታከም ነበር፤ በአሜሪካ ይህ አሠራር የቆመው በ1941 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ያልታወቀ ባርኔጣ ሲፈተሽ ጓንት ማድረግ ወይም ሲያበቁ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለልጆች መጫወቻ አለመስጠት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም በእንፋሎት አለመተኮስ ተገቢ ነው። የተጣመመውን ለማቃናት ብሎ እየፈላ ካለ ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ መያዝ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ከጤናው ሌላ፣ እንፋሎቱ ያረጀውን የውስጥ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ አኮማትሮ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ አይመለስም።

ከምንም ነገር በፊት ፎቶ ያንሱ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከውስጥ፣ እንዲሁም በውስጥ ቆዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በቅርበት። የወርቅ ቀለም ጽሑፍ የሚለቅ ነው፤ አንዳንዱ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ፎቶውን ሲያነሱ የእጅ ባትሪ ከጎን ቢያበሩ፣ ቀለሙ የጠፋ ጽሑፍ እንኳን በማኅተሙ ጉድጓድ ጥላ ሊነበብ ይችላል።

የክፍሎቹን ስም እንስማማ። ራስ የሚገባበትን አናት፣ ዙሪያውን ጥላ የሚሰጠውን ክፈፍ፣ አናቱን ከውጭ የሚዞረውን ሪባን፣ ውስጡን የሚሸፍነውን ጨርቅ ገበር፣ ግንባር የሚያርፍበትን የውስጥ ቆዳ ደግሞ የላብ ቆዳ እንላለን።

ከምን ተሠራ?

ፌልት ማለት ሳይፈተልና ሳይሸመን በሙቅ ውኃ፣ በእንፋሎትና በእሽት እርስ በርሱ ተጠላልፎ የጠበቀ ጠጉር ነው። ከበግ ጠጉር የሚሠራ አለ፤ ከጥንቸል ወይም ከቢቨር ለስላሳ የውስጥ ጠጉር የሚሠራም አለ። ለመለየት ፀሐይና አቧራ ያልነካውን፣ ከላብ ቆዳው ሥር ያለውን ቦታ በጣት ይዳስሱ። የበግ ፌልት ወፈር፣ ሸከር ያለና ግትር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይኮማተራል፣ ቅርጹንም ይለቃል። የጥንቸልና የቢቨር ፌልት ቀጭን ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክፈፉን ጎንበስ አድርገው ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ውኃ ጠብ አድርጎ መሞከር የሚመክሩ አሉ፤ በተወረሰ ዕቃ ላይ አይደረግም።

ይህ ልዩነት ጥራትን እንጂ ዓመትን አይናገርም። በአሜሪካ ባርኔጣዎች ላይ 3፣ 5 ወይም 7 ከኤክስ ፊደል ጋር ተጽፎ ሲገኝም የጥራት ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መለኪያ ነበረው፤ ቁጥሩም ከዘመን ዘመን እያደገ ስለመጣ የድሮው 5 ኤክስ ከዛሬው 20 ኤክስ ያንሳል ማለት አይደለም። በጣልያን ባርኔጣ ላይ የሚገኙት «ኳሊታ ሱፔሪዮሬ» እና «ኤክስትራ ሱፔሪዮሬ»ም ደረጃዎች ናቸው እንጂ የሞዴል ስም አይደሉም።

ልኩ የሚናገረውና የማይናገረው

በልብስ ሰፊ ሜትር ሦስት ነገር ይለኩ፦ የክፈፉን ስፋት ከአናቱ ሥር እስከ ዳሩ፣ የአናቱን ቁመት፣ የሪባኑን ስፋት። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ይደረግ የነበረው ፌዶራ፣ ማለትም አናቱ የተሰረጎደ ለስላሳ የፌልት ባርኔጣ፣ ክፈፉ በአብዛኛው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ሪባኑ ከ3.5 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ አናቱም ከፍ ያለ ነበር። በ1950ዎቹ ክፈፉ እየጠበበ ሄደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዶ 4 የሚደርስም ነበር፤ ሪባኑ ቀጠነ፤ አናቱም ዝቅ ብሎ ወደ ላይ እየሾለ መጣ። ክፈፉ 4.5፣ ሪባኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባርኔጣ ይዞ «አያቴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ያደርጉት ነበር» ማለት እንግዲህ ያስቸግራል።

ልክ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰፊ ክፈፍ በ1970ዎቹ ተመልሷል። ሆምበርግ የሚባለው፣ አናቱ ላይ መሐል ለመሐል አንድ ስርጉድ ያለውና ዳሩ በሪባን ተከፍፎ ወደ ላይ የተጠቀለለው ባርኔጣ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መልኩን ብዙም ስላልለወጠ በቅርጹ ዕድሜ መስጠት አይቻልም። በአሜሪካ የከብት አርቢዎች ባርኔጣም የከተማውን ፋሽን አልተከተለም። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፦ የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፎች ላይ ከሻሹ በላይ የሚታየው ዓይነት ሰፊ ባርኔጣ ለፀሐይ መከላከያና ለክብር የሚደረግ ስለነበር፣ የክፈፉ ስፋት ከኒውዮርክ ወይም ከሮም ፋሽን ጋር ሊመዘን አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ባርኔጣ ቁም ነገሩ ያለው ውስጡ ነው።

ከላብ ቆዳው ሥር

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ የተደበቀው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የማይከፍተውም ይህንኑ ነው። ክፍሉ ሞቅ ያለ ይሁን። ከኋላ፣ የቆዳው ሁለት ጫፎች ከሚገናኙበት ትንሿ የሪባን ቋጠሮ አጠገብ ይጀምሩና በሁለት አውራ ጣቶች ቀስ እያሉ ቆዳውን ወደ ውጭ ይገልብጡ። ሲታጠፍ ከተንጣጣ ወይም የስንጥቅ መስመር ከታየ እዚያው ያቁሙ፤ የስልክ ካሜራ በክፍተቱ አስገብቶ ማንሳት ይበቃል። ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብቶ ማለስለስ አይሞከር፤ ወደ ፌልቱ ይዘልቅና የማይለቅ ጥቁር እድፍ ይሆናል።

እዚያ የሚገኙት ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው፦ የልክ ቁጥር፣ የሞዴል ቁጥር፣ የሠራተኛ ማኅበር ምልክት። የልክ ቁጥሩ የተሠራበትን አገር ለመገመት ይረዳል። 58 የሚል ከሆነ በሴንቲ ሜትር የሚለካ የአውሮፓ ገበያ ነው፤ ያው ራስ በአሜሪካ 7¼፣ በእንግሊዝ ደግሞ 7⅛ ተብሎ ይጻፋል። እንደ 4 ወይም 5 ያለ ትንሽ ቁጥር ካዩ የልጅ ባርኔጣ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች «ነጥብ» በሚባል የራሳቸው መለኪያም ይጽፉ ነበር።

ባርኔጣው ለባለቤቱ ሰፍቶት ከነበረ ከላብ ቆዳው ሥር የታጠፈ ጋዜጣ ሊገኝ ይችላል። አይጣል! በትዕግሥት ተዘርግቶ ቀን ወይም የታወቀ ዜና ከተገኘበት፣ በዚያ ጊዜ ባርኔጣው በሰውየው ራስ ላይ እንደነበረ ይመሰክራል። ቁራጩ ከ«አዲስ ዘመን» ከሆነ ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1941 (በ1933 ዓ.ም.) ነውና ቢያንስ ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጋዜጣ የተደረገበትን ጊዜ እንጂ የተሠራበትን ጊዜ አይናገርም፤ ባርኔጣው ከጋዜጣው በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል።

በላብ ቆዳው ፊት ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ስም ይታተማል፤ የሠሪው፣ የሻጩ ሱቅ እና የባለቤቱ። በወርቅ ቀለም ወይም በትናንሽ ቀዳዳዎች የተጻፉ ሁለት ሦስት የላቲን ፊደሎች የባለቤቱ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ሱቁ ለደንበኛው ያትምለት ነበር። ፊደሎቹ ከአያትዎ ስም ጋር ካልገጠሙ ባርኔጣው ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሱቅ ስም ብቻ ካለ ደግሞ ሱቁ ሠሪው ነው ብለው አይቁጠሩ፤ ትልልቅ ሱቆች ሌላ ፋብሪካ በሠራው ላይ የራሳቸውን ስም ያሳትሙ ነበር። የላብ ቆዳው እውነተኛ ቆዳ ሳይሆን ላስቲክነት ያለው ሰው ሠራሽ ነገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ርካሽ ባርኔጣዎች ግን ቀደም ብሎም ዘይት የተቀባ ጨርቅ ይደረግባቸው ስለነበር ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ዓመት የሚሰጡ ምልክቶች

የአገር ስም ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አገር የሚወለድበትና የሚጠፋበት ቀን አለውና። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ከ1918 እስከ 1992 ባለው ውስጥ ነው። «ቶናክ» የሚል ስም አብሮ ካለ ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያ ባርኔጣ ፋብሪካዎች ከተወረሱና ከተዋሐዱ በኋላ ነውና ከ1945 ወዲህ ይሆናል። «ምዕራብ ጀርመን» ከ1949 እስከ 1990 ነው። «የተያዘች ጃፓን» የሚለው እስከ 1952 ብቻ ነው። «ዩጎዝላቪያ» አገሩ በይፋ በዚህ ስም የተጠራው በ1929 ነውና ከዚያ አይቀድምም።

በእንግሊዝ ባርኔጣ ላይ ለንጉሣዊ ቤት አቅራቢ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ለግርማዊ ንጉሡ» ካለና ባርኔጣው ከ2022 ወዲህ የተሠራ አዲስ ካልሆነ ከ1901 እስከ 1952 የነበሩትን ነገሥታት ያመለክታል፤ «ለግርማዊት ንግሥቲቱ» ካለና ባርኔጣው የቪክቶሪያን ዘመን ያህል የማያረጅ ከሆነ ከ1952 ወዲህ ነው። ጣልያንም ዘውዷን የጣለችው በ1946 ነው። ስለዚህ በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ከነዘውዱ፣ ማለትም የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ዓርማ፣ ለቤተ መንግሥት አቅራቢነት ምልክት ሆኖ የታተመበት የጣልያን ባርኔጣ በአብዛኛው ከ1946 በፊት ነው። በመጋዘን የተረፈ ገበር ጥቂት ጊዜ ሊሠራበት ስለሚችል ለዚህ አንድ ሁለት ዓመት ይተዉለት። የሱቁ አድራሻ ከጣልያን ከተማ ስም በፊት አምስት አሃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር ከያዘ ደግሞ ከ1967 ወዲህ ነው፤ ቁጥሩ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው። በነገራችን ላይ በአሌሳንድሪያ ቦርሳሊኖ የሚባሉ ሁለት ቤቶች ነበሩ፦ «ጁሴፔ ኤ ፍራቴሎ» የሚለው የመጀመሪያው ሲሆን «ፉ ላዛሮ» የሚለው የዘመድ ተፎካካሪ ነበር፤ በኋላ ተዋሐዱ። «ፉ ላዛሮ» የሚል ያገኘ ሰው የተጭበረበረ ነው ብሎ እንዳይጥለው።

የአሜሪካ ባርኔጣ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ምልክት ይሰጣል። የሠራተኛ ማኅበሩ ወረቀት «የሰሜን አሜሪካ ባርኔጣ ሠሪዎች ኅብረት» የሚል ብቻ ከሆነ ከ1896 እስከ 1934 ነው። የኮፍያና የሴቶች ባርኔጣ ሠራተኞችንም የሚጠራ ረጅም ስም ከሆነ ከ1934 እስከ 1983 ነው። በክብ ውስጥ የተቀመጠችው የአር ፊደል፣ የተመዘገበ የንግድ ምልክት መለያ፣ የመጣችው በ1946 በወጣው ሕግ ነው፤ በ1947 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት «በዩናይትድ ስቴትስ ፓተንት ቢሮ የተመዘገበ» የሚለው ምኅፃር ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ስላልጠፋ የእርሱ መኖር ብቻውን አይበቃም። ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ፣ ለምሳሌ «ኒውዮርክ 17»፣ ካለ ከ1943 እስከ 1963 ነው፤ አምስት አሃዝ ካለ ከ1963 ወዲህ። አር እና ኤን ከሚሉ ሁለት ፊደሎች ጋር የተጻፈ ቁጥር 13670 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከ1959 ወዲህ ነው፤ ቁጥሩ ግን ድርጅቱ የተመዘገበበት እንጂ ባርኔጣው የተሠራበት አይደለም። «ማሎሪ» የሚለው የሌላ ባርኔጣ ሠሪ ስም ከ«ስቴትሰን» ጋር አብሮ ከተጻፈ ስቴትሰን ማሎሪን ከገዛበት ከ1946 በኋላ ነው። የፊላደልፊያው የስቴትሰን ፋብሪካ በ1971 ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት በስሙ ፈቃድ ሌላ ቦታ የተሠሩ ናቸው።

የቡሽ ባርኔጣ በእጅዎ ካለ አብዛኛው ከላይ የተባለው አይሠራበትም። የእንግሊዝ ጦር ዕቃ ከሆነ በውስጡ የሠሪው ስም፣ ዓመቱና የመንግሥት ንብረት ምልክት የሆነችው ቀስት ይታተማሉ፤ ሁሉ ነገር በዚያው ያልቃል። የጣልያን ጦር የቡሽ ባርኔጣ በካኪ ጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን ፊቱ ላይ ባለሦስት ቀለም ክብ ጌጥና ዓርማ ይደረግበት ነበር። ጌጡ ተነቅሎ እንኳን ከሆነ የቀረው የመርፌ ቀዳዳና ያልደበዘዘው የጨርቅ ክብ ቦታውን ያሳያል።

የቤተሰቡ ማስረጃና የስምንት ዓመቱ ስሕተት

የፎቶ ማስረጃ ብርቱ ነው፤ ከጀርባው በእጅ የተጻፈው ዓመት ግን ብዙውን ጊዜ ዓ.ም. ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ባለው 7፣ ከዚያ በኋላ ባለው 8 ይደምሩ። 1952 ዓ.ም. የሚል ፎቶ በ1959 ወይም በ1960 የተነሳ ነው። ዘመድ «በሃምሳዎቹ ነው የገዙት» ሲል ከ1957 እስከ 1967 ያለውን ማለቱ ነው፤ በውጭ ያደጉ ልጆች ግን 1950ዎቹን ፋሽን ይዘው ይፈልጉና «አይገጥምም» ይላሉ። ባርኔጣው ዋሽንግተን፣ ፎቶው አዲስ አበባ ከሆነ የባርኔጣውን ልኮች አስቀድመው ልከው፣ ከፎቶው ላይ የሪባኑን ቋጠሮ፣ የክፈፉን ዳርና የአናቱን ስርጉድ በቅርበት አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሁለት ባርኔጣ የነበራቸው አባቶች ጥቂት አልነበሩምና በፎቶው ያለው ያው መሆኑን ሳያረጋግጡ ዓመቱን አይውሰዱ።

ሌላው የሚያሳስተው ጥገና ነው። ጥሩ ባርኔጣ ይታደስ ነበር፤ ሪባኑ፣ ገበሩና የላብ ቆዳው ይለወጣሉ፣ ፋሽን ሲለወጥም ክፈፉ ይቆረጣል። በስፌቱ መስመር አጠገብ ሁለተኛ፣ ባዶ የመርፌ ቀዳዳ መስመር ካለ ተለውጧል። በሪባኑ ሥር ያለው ፌልት ያልደበዘዘበት ስፋት ከአሁኑ ሪባን የሚበልጥ ከሆነም እንዲሁ። በተለወጠ ክፍል ላይ ያለ ምልክት የጥገናውን ዘመን እንጂ የባርኔጣውን ዘመን አይሰጥም፤ «ቅርቡ ምልክት ወሳኝ ነው» ያልነው ከፋብሪካው አብሮት ለወጣ ብቻ ነው።

ሁለት ምሳሌ እናስላ። የመጀመሪያው ቦርሳሊኖ ነው፤ ገበሩ 1857 ይላል፤ ክፈፉ 4.5 ሴንቲ ሜትር፤ የሮም ሱቅ አድራሻ 00187 የሚል የፖስታ ቁጥር አለው፤ ያው ባርኔጣ 1964 ዓ.ም. በተነሳ የሠርግ ፎቶ ላይ ይታያል። የፖስታ ቁጥሩ ከ1967 በፊት አይሆንም ይላል፤ ፎቶው ከ1972 በኋላ አይሆንም ይላል። ውጤት፦ ከ1967 እስከ 1972። ሁለተኛው የአሜሪካ ነው፤ ረጅሙ የማኅበር ስም፣ በክብ ያለችው አር፣ «ኒውዮርክ 17»፣ ክፈፉ 6.5 ሴንቲ ሜትር። ምልክቶቹ ከ1947 እስከ 1963 ይሰጣሉ፤ ሰፊው ክፈፍ ደግሞ ወደ ክልሉ መጀመሪያ፣ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይስበዋል። የመጀመሪያውን ክልል በእስክርቢቶ፣ ሁለተኛውን ግምት በእርሳስ መጻፍ ነው የሚሻለው።

ከዚያ በኋላ

ብል ያገኘው ቀዳዳ ወይም ነጭ ክር መሰል ነገር ከታየ ባርኔጣውን በፕላስቲክ ከረጢት በደንብ አሽገው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩ፤ ካወጡት በኋላ ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቁ። አለበለዚያ እርጥበት በቀዝቃዛው ፌልት ላይ ይቋጠራል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወደ ጠጉሩ አቅጣጫ ይጥረጉ። ሲያስቀምጡ ክፈፉ ሰሌዳ ላይ እንዳያርፍ በአናቱ ገልብጠው፣ ውስጡን አሲድ በሌለው ወረቀት ሞልተው በሣጥን ያኑሩ፤ በሚስማር ማንጠልጠል አናቱን ይወጋዋል፣ በፊት ለፊት ስርጉዱ ቆንጥጦ ማንሳትም ከጊዜ በኋላ እዚያው ላይ ይቀደዋል።

የባለቤቱን ሙሉ ስም፣ ባርኔጣው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ልኮቹን፣ የተገኙትን ምልክቶችና የወጣውን የዓመት ክልል በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ወረቀቱን ባርኔጣው ላይ አይለጥፉ፣ ከላብ ቆዳው ሥርም አይሰኩ፤ በሣጥኑ ውስጥ በተለየ ፖስታ ይቀመጥ፣ ፎቶ ኮፒውም ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ዘንድ ይኑር።